ሽማግሌ ልኬ በድሮን ያየሁ ለት

ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቀው። ወጉ ይኸው ነው። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ሄደው ይዋሹልሃል፤ ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ ትዕግሥተኛ ነው ይላሉ። አንተ ደግሞ ስልክህን እያየህ ጥፍርህን ትበላለህ። አባቴ እናቴን ሲያስጠይቅ ደሴ ላይ ሦስት ቀን እህል በአፉ ሳይዞር መልስ እንደጠበቀ ሲነግረን ነው ያደግነው። እኔ ሦስት ሰዓት መጠበቅ አቃተኝ። ዕድሜዬ ሠላሳ አምስት አልፏል፣ የምኖረው ኦክላንድ ነው፣ ኪሴ ውስጥ ስማርት ፎን አለ፤ ምን በወጣኝ እጠብቃለሁ? ድሮን አስነሣሁ።

ድሮን ስላችሁ ሠርግ የሚቀርጹበትን ትልቁን እንዳይመስላችሁ። የእኔዋ ሳን ሆዜ የእሑድ ገበያ ላይ፣ በካልሲና በስልክ ሽፋን መሀል ተንጠልጥላ ያገኘኋት ናት። ከአንድ ብርቱካን አትከብድም። ሪሞት የላትም፤ የምትታዘዘው በስልክ ነው። አፑን ዳውንሎድ አድርጌ ስከፍተው እንግሊዝኛው ከእኔም የባሰ ነበር። ፎቶህን ልይ፣ ያለህበትን ልወቅ፣ ማይክህን ልጠቀም እያለ ይጠይቃል። እኔም እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ሳላነብ እሺ፣ እሺ፣ እሺ ብዬ አለፍኩ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ክቦች ይመጣሉ፤ በግራ አውራ ጣት ከፍ ዝቅ ታደርጋታለህ፣ በቀኙ ወደ ፊትና ወደ ጎን ትነዳታለህ። ባትሪዋ ሰባት ደቂቃ ከቆየ ትልቅ ነገር ነው። ምስሉ ደግሞ እየዘገየ ነው የሚደርሰው፤ ስክሪኑ ላይ ዛፍ ሲታይህ እሷ ዛፉን ከገጨች ቆይታለች።

ሌክ ሜሪት ዳር ሦስት ቅዳሜ ተለማመድኩ። ሁለቴ ውኃ ውስጥ ልትገባብኝ ነበር፤ አንዴ ደግሞ ዝይ እኔንም እሷንም አባረረን። ሐይቁን የሚዞሩ ሀበሾች ቆም ብለው ምን እያደረግኩ እንደሆነ ይጠይቁኛል። እኔም ኮስተር ብዬ ፕሮጀክት ነው እላቸዋለሁ። ፕሮጀክት የሚለው ቃል እዚህ አገር ማንኛውንም ጠያቂ ያባርራል።

እንዲያውም ቤይ ኤርያ ውስጥ ሥራውን በስሙ የሚጠራ ሀበሻ ፈልጋችሁ አምጡልኝ። መኪና የሚያቆመው ትራንስፖርቴሽን ላይ ነኝ ይላል። አሮጊት የምታጥበው ሜዲካል ፊልድ ውስጥ ናት። ዳሊ ሲቲ ነዳጅ ማደያ የሚያድረው ሰውዬ ኢነርጂ ነው የምሠራው ብሎኝ ለአንድ ዓመት ያህል ስፈራው ኖሬያለሁ። እኔና አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ፣ እሱ ታክሲ ነው የሚነዳው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሶፋ ላይ ተጋድመን ይሄን ሁሉ ሰው አንድ በአንድ እያነሣን እንጥላለን። ጓደኛዬ የሳቅ ድሃ አይደለም፤ ትንሽ ነገር ጣል ካደረግክለት መሬት ላይ ይንከባለላል። እኔም የሚስቅልኝ ሰው ካገኘሁ አፌን የሚዘጋው የለም።

ልጅቷን ያገኘኋት ዒድ ላይ ነው። በርክሌ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ቢሮ ትሠራለች። ከአዲስ አበባ በስድስት ዓመቷ ነው የመጣችው፤ አማርኛውን አንድ ሳይቀራት ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ስትናደድ ብቻ አማርኛዋ ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ እንደ ጉድ ይወርዳል። ሁለት ዓመት ያህል ተያየን። ስለ ጋብቻ ባነሣሁ ቁጥር መልሷ አንድ ነው። አባቷ ከልባቸው እሺ ካላሉ እሷ የለችበትም። ተደብቆ መፈራረም፣ ቀስ በቀስ ይለምዱታል ምናምን የሚባል ነገር እንዳልሰማ አለችኝ። እኔ ደግሞ ያለ እሷ መኖር እንደማልችል ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ ወላሂ፣ ይሄን ስናገር እንኳ አላፍርም።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በአባቷ እጅ ወደቀ ማለት ነው። አባቷ ሳን ሆዜ ነው የሚኖሩት። ዘንካታ፣ አለባበሳቸው የጠራ፣ ንግግራቸው የተለካ ሰው ናቸው። ሳኒቬል ያለ አንድ ትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥ ይሠራሉ። ይሄን እንዴት አወቅክ ብትሉኝ የመሥሪያ ቤት መታወቂያቸውን፣ ባጃቸውን፣ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ስለሚዞሩ ነው። ዒድ ሰላት ላይ ሳይቀር! ጀለቢያ ለብሰው፣ ከላዩ ባጅ! ምን ላይ ነው የሚሠሩት ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው ካለ ዝቅ ባለ ድምፅ "ሲስተም ላይ ነኝ፤ ብዙ መናገር አይፈቀድልኝም" ይላሉ። ሰዉም በአክብሮት ራሱን ይነቀንቃል።

የእሳቸው ዕድል ሆኖ እኔ በዚያን ጊዜ የዚያኑ ኩባንያ ሠራተኞች ከኦክላንድ ሳኒቬል የሚያመላልሰውን አውቶቡስ እነዳ ነበር። ተሳፋሪ ሲገባ ባጁን ማየት ሥራዬ ነው። ሰማያዊ ባጅ ያለው የኩባንያው ሠራተኛ ነው፣ ይገባል። ብርቱካናማ ባጅ ያለው ኮንትራክተር ነው፤ ጠባቂው፣ ጽዳቱ፣ ወጥ ቤቱ፤ እሱ በባቡር ይምጣ። እኔ ራሴ ብርቱካናማ ነኝ። የምነዳው አውቶቡስ ላይ ልሳፈር ብል የሚከለክለኝ እኔው ነኝ። የአባቷ ባጅ ታዲያ ሁልጊዜ ተገልብጦ ነው የሚንጠለጠለው፤ ቀለሙን ያየ ሰው የለም።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አውቶቡሱን አቁሜ ሽንት ቤት ፍለጋ በካፌው ጀርባ ዞርኩ። የወጥ ቤቱ የኋላ በር ለእንፋሎቱ ተከፍቷል። ከውስጥ መንዙማ ይሰማል። አንገቴን አስገብቼ ባይ አባቷ ናቸው፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ የፕላስቲክ ሽርጥ ታጥቀው፣ መላጣቸው ላይ የፀጉር መረብ አጥልቀው፣ ከላይ በተንጠለጠለ የውኃ ቱቦ የሳህን ክምር እያጠቡ፣ ቀስ አድርገው ያንጎራጉራሉ። አላዩኝም። ወደ ኋላ ተመልሼ አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ ብቻዬን ሳቅኩ። አሁን ሳስበው ምን እንዳሳቀኝ አላውቅም። ሥራ ነው፤ የሰው አልሰረቁ። እኔማ ራሴ ለእናቴ ኩባንያው ውስጥ ነው የምሠራው ብያታለሁ። አውቶቡሱ ግቢው ውስጥ ስለሚገባ ውሸት አይደለም ብዬ ነው።

ለልጅቷ ትንፍሽ አላልኩም። ምስኪን፣ አባቷን ኢንጂነር ብላ አምናለች ብዬ አዘንኩላት። ለጓደኛዬ ግን እዚያው ዕለት ነገርኩት፤ ሆዱን ይዞ አለቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኔና በእሱ መሀል የአባቷ ስም "ኢንጂነሩ" ሆነ።

ሽማግሌ ሲመረጥ መጀመሪያ የሄድኩት ኦክላንድ ሥጋ ቤት ያላቸው ሐጂ ዘንድ ነው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ሲመርቁ ግድግዳው አሚን የሚል ይመስላል። አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ደንቡ ሽማግሌ ጉዳዩን ቆሞ ተናግሮ ነው የሚቀመጠው፤ እሳቸው ግን ቆመው ብዙ ማውራት ስለማይችሉ ተቀምጠው እንዲናገሩ ተስማማን። ሁለት የተከበሩ ሰዎች ጨመሩና ቅዳሜ ከሰዓት ሳን ሆዜ ይሄዳሉ ተባለ። መጀመሪያ ቀን እሺ እንደማይባልም ሐጂ አስጠነቀቁኝ። የልጅ አባት "ከቤተሰብ ጋር ልምከር" ብሎ ቀጠሮ ከሰጠ ያ መልካም ነው። ቤትህ ቁጭ ብለህ ዱዓ አድርግ አሉኝ።

እኔ ግን ቅዳሜ ዕለት ገና ከቤታቸው ሳይነሡ ከጓደኛዬ ጋር ታክሲው ውስጥ ነበርኩ። ከአባቷ ቤት በስተጀርባ ባለው መንገድ ላይ አቆምን። ድሮኗን የታክሲው ኮፈን ላይ አስቀምጬ ወንበሬ ላይ ተመቻቸሁና ስልኬን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሳን ሆዜ ላይ አውሮፕላን ጣሪያ ለጣሪያ ነው የሚያልፈው፤ ጓደኛዬ ካፒቴኑን ታሳውረዋለህ እያለ ይሳለቃል። ድሮኗ ስትነሣ እንደ ትንኝ ትጮሃለች፤ ደግነቱ አንድ ጎረቤት ቅጠል የሚነፋውን ማሽን አስነሥቶ ሰፈሩን ሁሉ አደንቁሮት ነበር። ሰው እንዲያ ዓይነት ጎረቤት ሲኖረው ይሳደባል፤ እኔ መረቅኩት።

ግቢው ስክሪኔ ላይ መጣ። የሎሚ ዛፍ፣ ነጫጭ ወንበሮች፣ ጠረጴዛው ላይ ተምር፣ ሳምቡሳና የተቆረጠ ሐብሐብ። ቤት ውስጥ ስለሚሞቅ እንግዶቹን ጓሮ አውጥተዋቸዋል። ሰው ከላይ ሲታይ ኮፍያና ሆድ ብቻ ነው። ሦስት ነጭ ኮፍያ በአንድ በኩል፣ የአባቷ መላጣ በሌላው በኩል። ድምፅ የለም። ሐጂ እጃቸውን ሲያወዛውዙ እየመረቁ ይሁን እየተከራከሩ አይለይም። እኔም ለጓደኛዬ እንደ ኳስ ጨዋታ አስተላልፍለት ጀመር፤ አሁን ሐብሐብ ያዙ፣ አሁን ኢንጂነሩ ባጃቸውን አስተካከሉ። እሱ ይስቃል። እኔ ግን በሰባት ደቂቃ ውስጥ ሕይወቴ የሚወሰን መስሎኛል።

አራተኛው ደቂቃ ላይ ሐጂ ተነሡ። ሁለቱም ተከትለው ተነሡ። አባቷም ብድግ ብለው እጃቸውን ወደ ላይ አነሡና ወደ እነሱ አወናጨፉ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ክው አልኩ። ተቀምጠው እንዲናገሩ ተስማምተናል፣ ቆሙ ማለት ተባረሩ ማለት ነው። እንኳን ልምከር ሊባሉ፣ ሳምቡሳውን እንኳ ሳይጨርሱ! ደሜ ፈላ። አፌ ተከፈተ፣ ከዚያም የመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩ። ጓደኛዬም መሳቁን አላቆመም።

ስድስተኛው ደቂቃ ላይ፣ አፌ ሳይዘጋ፣ ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ናቸው። ጥሪው ሲገባ አፑ ድርግም አለ፣ ድሮኗም ያለ ነጂ ቀረች። ቀጥሎ የሆነውን በስክሪን ሳይሆን በስልኩ ሰማሁት። ሐጂ ደስ ብሏቸው "አብሽር፣ ነገሩ ጥሩ ነው፣ ለሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡን" እያሉኝ ነበር። እንዲህ የተከበረ ሰው ፊት ተቀምጬ ልጅ አልጠይቅም ብለው ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ተነሥተው ነው ለካ የጠየቁት። አባቷ ደግሞ ስለ አላህ ብለው ይቀመጡ እያሉ ሲማጸኑ ነው እጃቸው የተወናጨፈው። ይሄን ሁሉ ሐጂ እየነገሩኝ ሳለ የሎሚው ዛፍ ተንኮሻኮሸ፣ ሳህን ተሰበረ፣ ሴቶች ጮኹ፣ ሐጂም ሞት የመጣ መስሏቸው ሸሃዳ አሉ። ድሮኗ ሐብሐቡ ላይ ነበር የወደቀችው።

ጓደኛዬ ሞተር አስነሣ። ሐጂ ግን ሞኝ አይደሉም፤ ባለፈው ሳምንት ሥጋ ቤታቸው ይዣት ገብቼ አይተዋታል። የሞተሩንም ድምፅ በስልኩ ሰምተው ኖሮ "ያንተ ናት አይደል? ና ግባ" አሉኝ።

ዓይኔን በጨው ታጥቤ ገባሁ። የልጅቷ እናት ከሐብሐብ ፍሬ ውስጥ የተሰበረ ሳህን ይለቅማሉ። ልጅቷ በወጥ ቤቱ መስኮት ታየኛለች፤ ልትገድለኝ ነው ልትስቅ አልታወቀኝም። አባቷ ግን ይስቁ ነበር! ድሮኗን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያገላብጧታል። ሬንጇ ስንት ነው? ፍሪኩዌንሲዋስ? በዋይፋይ ከሆነ ሲግናሏ ደካማ ነው አሉና ለሽማግሌዎቹ ገለጻ አደረጉ። ሽማግሌዎቹ በአድናቆት አዳመጡ። እኔም አላስችል ብሎኝ፣ በጣም ትሑት ሆኜ፣ ይሄን ይሄን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት ጋሼ አልኳቸው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፤ ልብ አላልኩትም።

ከዚያ ቪዲዮው አለ ወይ አሉኝ። አዲስ አበባ ላሉት ወንድሞቻቸው መላክ ፈልገዋል። የልጄ ሽምግልና በሰማይ ካሜራ ተቀረጸ ሊሉ ነው። አፑ የታየውን ሁሉ ራሱ ይቀርጻልና ከማን አንሼ ብዬ እዚያው ቆሜ በስልካቸው ላክሁላቸው። ድሮኗ ማይክ የላትም፤ ምን ይኖረዋል፣ አራት መላጣና ኮፍያ ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለት ሳምንት ቆይተው ለመልሱ እንዲመጡ ተቀጥሮ ተለያየን። ያን ሳምንት ኦክላንድ ውስጥ ያልነገርኩት ሰው የለም።

በሳምንቱ እሑድ ልጅቷ ደወለች። ሰላም እንኳ ሳትለኝ "ቪዲዮውን ቮልዩም ከፍተህ አይተኸዋል?" አለች። ድሮኗ ማይክ የላትም አልኳት። "ስልክህ አለው" ብላ ዘጋችው።

አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። ለካስ አፑ ምስሉን ከድሮኗ፣ ድምፁን ከስልኬ እየወሰደ አንድ ላይ ሰፍቶታል። ማይክህን ልጠቀም ሲለኝ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ከላይ የሎሚው ዛፍና የአባቷ መላጣ ይታያል፤ ድምፁ የእኔ ነው፣ አንዲት ቃል ሳትሰወር።

"እይ እይ፣ ኢንጂነሩ አባረራቸው! እጁን ሲያወናጭፍ እየው፤ ሳህን ሲያጥብ የከረመ እጅ እኮ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሽርጥ ታጥቆ የፈረንጅ ትርፍራፊ ሲያራግፍ ይውልና ቅዳሜ ባጁን ገልብጦ ሲስተም ላይ ነኝ ይላል። ልጁን ለማን ሊሰጣት ነው? ለኩባንያው ባለቤት? እሷ ምስኪን ብታውቅ እኮ በኀፍረት ትሞታለች።"

ከዚያ የጓደኛዬ ሳቅ። ከዚያ የስልኬ ጥሪ።

እንዴት እንደታየ የነገረችኝ ቆይታ ነው። አባቷ ስልካቸውን ከትልቁ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝተው፣ እናቷንና ወንድሟን ጠርተው፣ ሁለት ጎረቤት ጨምረው፣ ሶፋው ላይ አስቀምጠው ነው የከፈቱት። ድምፁ ሲጀምር ሊያጠፉ ተነሡ። ቁልፉ ጠፋቸው። ስልኩን ይነካካሉ፣ ሪሞቱን ይነካካሉ፣ ቪዲዮው ይቀጥላል። በመጨረሻ እናቷ ሄደው ገመዱን ከግድግዳው ነቀሉት። ያን ጊዜ ግን ሁሉም አልቆ ነበር።

ሐጂ ዘንድ ሄጄ እኔው ተናገርኩ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ይሻላል ብዬ ነው። ሥጋ የሚቆርጡበትን ቢላ አስቀመጡና እጃቸውን በፎጣ ጠረጉ። ይቆጣሉ ስል አልተቆጡም። "እኔ እኮ ምላሱ ጨዋ ነው ብዬ መስክሬልህ ነው የመጣሁት" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሥጋ ሊገዛ የመጣውን ሰው አስተናገዱና ወደ እኔ ዞረው በቀጠሮው ቀን ድንጋይ ተሸክመህ ትሄዳለህ አሉ።

ድንጋይ ከየት ይመጣል አትበሉ። በጊዜው በነበረው ድርቅ ምክንያት ሳን ሆዜ ውስጥ ሰው ሁሉ ሳሩን ነቅሎ ግቢውን ድንጋይ በድንጋይ አድርጎት ነበር። ከአንድ ጎረቤት ደጃፍ መካከለኛውን መርጬ ማጅራቴ ላይ ጫንኩና ከሦስቱ ሽማግሌዎች ኋላ አቀርቅሬ ቆምኩ። ጎረቤቱ ድንጋዩን በመስኮት እያየ ነው። ያሳለፍኩት ውርደት አንሶ በሌብነት ልያዝ ነው አልኩ በሆዴ። በሩ ሲከፈት የአባቷን ጫማ ብቻ ነበር የማየው። ስለ ልጅቷ ብቻ ነበር የማስበው፤ አሁን አይሆንም ካሉ አበቃ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ከላዬ በሁለት እጃቸው አነሡት።

ስለ ቪዲዮው አንድ ቃል አልተነሣም። ተቀመጡ፣ ሐጂንም አስቀመጡ፣ ቤተሰቡን አማክሬያለሁ አሉ። ቀና ብዬ ሳያቸው አንገታቸው ላይ ባጅ አልነበረም። ቀጥታ እኔን እያዩ "ልጄ ትወድሃለች፤ እኔም የምከለክልበት ምክንያት የለኝም፤ ሰጥቻለሁ" አሉ። ሐጂ ምርቃቱን አወረዱት። እኔ አሚን እያልኩ አለቀስኩ፤ ከልቤ ነበር። ይቅር ተባልኩ፣ ነገሩም አለፈ ብዬ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ኒካው ከመታሰሩ በፊት ባለው ሳምንት ከልጅቷ ጋር ሌክ ሜሪት ዳር ተቀመጥን። እኔ ስለ አዳራሽ፣ ስለ እንግዳ፣ ስለ ምግብ አወራለሁ። እሷ ውኃውን እያየች ቆየችና ያ የንዴት አማርኛዋ መጣ።

"የማላውቅ መስሎህ ነበር አይደል?" አለችኝ። "አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ነው ያወቅኩት። እማዬም ታውቃለች፣ ወንድሜም ያውቃል። ማታ ከሥራ ሲገባ ማዕድ ላይ ሆነን ሲስተሙ ዛሬ እንዴት ዋለ እንለዋለን። እሱ ደግሞ ይነግረናል። ሰርቨሩ ወደቀ፣ ሁሉም ሰው ፓኒክ አደረገ፣ እኔ ገብቼ አስነሣሁት ይላል። በጣም አሪፍ አድርጎ ነው የሚያወራው፣ ያስቀናል። እኛ እንደምናውቅ እሱ አያውቅም ነበር። አሁን ያውቃል።"

ይቅርታ አልኳት፤ ይቅርታ የሚለው ቃል ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ታዲያ ለምን ታገቢኛለሽ አልኳት። አባቴ እሺ ስላለ አለችኝ። ሌላ ምክንያት ትጨምራለች ብዬ ጠበቅኩ። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና እንሂድ አለች።

ተጋባን። ደስተኛ ነን፤ ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ እላለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ሥራ ስለሌለኝ ሳን ሆዜ ሄደን ከቤተሰቧ ጋር እራት እንበላለን። አማቴ ከሥራ ይገባሉ፣ ይታጠባሉ፣ ሰላም ይሉናል፣ ይቀመጣሉ። ስለ አየሩ ይወራል፣ ስለ ሀይዌዩ መጨናነቅ ይወራል፣ ስለ ሚስቴ ሥራ ይወራል። እኔ አሁንም ቀልደኛ ነኝ፤ እሳቸውም በቀልዴ ይስቃሉ፣ አልከለከሉኝም። አንድም ቀን ግን ስለ ሥራቸው ሲናገሩ አልሰማሁም፤ ሰርቨር የሚባል ነገር በዚያ ቤት ወድቆ አያውቅም፣ ተነሥቶም አያውቅም። ያ ሚስቴ ያስቀናል ያለችው ወሬ እንዴት ዓይነት እንደሆነ እኔ አልደረስኩበትም።

አንድ ማክሰኞ አልቻልኩም። ምናልባት አንድ ሰው ቢጀምረው ይመለሳል ብዬ አስቤ ነበር። ደግሞም እውነቱን ለመናገር መስማት አምሮኝ ነበር። እጄን ከማዕዱ መለስኩና በተቻለኝ መጠን ቀለል አድርጌ "አባባ፣ ሲስተሙ ዛሬ እንዴት ዋለ?" አልኳቸው።

እናቷ ማንሳት የጀመሩትን ውኃ መልሰው አስቀመጡ። ሚስቴ ዓይኗን ከሳህኗ አላነሣችም። አማቴ የጎረሱትን ቀስ ብለው አላምጠው ዋጡ። ቁጣም አልነበራቸውም፣ አሽሙርም አልነበራቸውም፤ ልክ ከልባቸው ግራ እንደገባው ሰው አዩኝ።

"አንተ ታውቀው የለም እንዴ?" አሉኝ፤ ከዚያ ሰላጣውን ወደ እኔ አስጠጉልኝ።